እምቢ የማታውቅ መኪና



በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ከቤት አያያዝና ከልጅ አስተዳደግ የራቀ ይመስላችሁ ይሆናል። የምንነጋገረው ስለ መኪና ነው። «መኪና የወንዶች ጉዳይ ነው፤ እኛ እናቶች ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ ምን አገባን?» የምትል እህት ብትኖር አልፈርድባትም። እኔም እስካለፈው ዓመት የገና ሰሞን ድረስ እንደዚያው አስብ ነበር። ዳሩ ግን መኪናው ውስጥ የሚቀመጡት ልጆቻችን ከሆኑ፣ የሚጫነውንም ጓዝ ቋጥረን የምናቀርበው እኛው ከሆንን፣ ጉዳዩ ከማንም በፊት የእኛ ነው።

ስቴሽን ዋገን የምትባለውን መኪና ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ፊቷ እንደ ማንኛዋም የቤት መኪና ነው፤ ጣሪያዋ ግን ከኋላ መቀመጫው አልፎ እስከ ጭራዋ ይዘልቃል፤ የኋላ በሯም ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ይከፈታል። ስሟ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በባቡር ዘመን ተሳፋሪውን ከነጓዙ ከባቡር ጣቢያ ወደ ማረፊያው ታደርስ ስለነበረ «የጣቢያ ጋሪ» እንደ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ ሦስት ረድፍ መቀመጫ ያላትን ዓይነት የቤተሰብ መኪና ይሏታል።

በአፍሪካ በዚህ ዓይነት መኪና ስሙ ገንኖ የኖረው ፔዦ ነው። የዚህ ፋብሪካ 404 ሞዴል በሐረር ከተማ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ሆኖ ሲያገለግል ያዩ ሁሉ ጥንካሬውን ይመሰክራሉ። ከእርሱ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው 504 ስቴሽን ዋገን ሲሠራለት፣ ፋብሪካው ጣሪያውን ብቻ አስረዝሞ አልተወውም። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት በቤት መኪናው 2 ሜትር ከ74 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ በስቴሽን ዋገኑ ወደ 2 ሜትር ከ90 ከፍ ብሏል፤ ከኋላም በቀኝና በግራ ሁለት ሁለት ሞላ ገብቶለታል። ሴኔጋሎች ይህችን መኪና በከተሞች መካከል ሕዝብ ማመላለሻ አድርገው ሲገለገሉባት ያወጡላት ስም «ሰባት ቦታ» የሚል ነው። ስሟ ራሱ ስንት ሰው እንደምትይዝ ይናገራል። ይህችን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የእኛ ቤት ስቴሽን ዋገን ከእጃችን ከገባች ሰባት ዓመት ሆኗታል። የገዛናት ያገለገለች ነበረች። የፋብሪካዋን ስም አላነሣም፤ የምነግራችሁ ጥፋት የእርሷ ሳይሆን የእኛው ነውና። በመጀመሪያ ግን መልካም ጎኗን ልናገር።

አንደኛ፣ የቤት እመቤትን ድካም ታቃልላለች። ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ እኛን ከሥራ ቦታችን አውርዳ፣ ቅዳሜ ደግሞ የወር አስቤዛ ከገበያ በአንድ ጉዞ ታመጣለች። የኋላው መቀመጫ ሲታጠፍ ምጣዱም፣ ፍራሹም፣ የዕድሩ ትልቅ ድስትም ይገባል። የጫኚና የአውራጅ ወጪም ይቀንሳል፤ የዕቃው መጫኛ ወለል ዝቅ ያለ ስለሆነ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘው ከባድ ዕቃ ሊያስገቡበት ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ከቤት መኪና ብዙም ያልበለጠ ነዳጅ እየጠጣች የብዙ መኪና ሥራ ትሠራለች። እንደ ትልልቆቹ የገጠር መኪኖች ከፍ ያለች ስላልሆነችም አሮጊትና ነፍሰ ጡር እንደ ልባቸው ይወጡባታል፤ ይወርዱባታል።

ሦስተኛ፣ በክፉ ቀን አምቡላንስ ትሆናለች። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ዘመድ ጥየቃ ሐይቅ ሰንብተን ሳለ፣ አምባሰል ወረዳ ውስጥ ከውጫሌ ከተማ ራቅ ብላ በምትገኝ መንደር የሚኖሩት የባለቤቴ አክስት ወድቀው ዳሌያቸው መሰበሩ ተነገረን። የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ውጫሌ ከዋናው አስፋልት ዳር አደረሳቸው። እንዲህ የተጎዳ ሰው በቤት መኪና መቀመጥ አይችልም፤ በአውቶቡስም አይተኛም። እኛ ግን የኋላውን መቀመጫ አጥፈን፣ ፍራሽ ዘርግተን፣ ራሳቸውን በትራስ ደግፌ እኔ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ባለቤቴ በዝግታ እየነዳ በሐይቅ በኩል አድርጎ ደሴ ሆስፒታል አደረሳቸው። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አክስታችን ዛሬ በምርኩዝ ቆመው ይሄዳሉ። መኪናችንን ባዩ ቁጥር በእጃቸው መታ መታ አድርገው ይመርቋታል።

እንግዲህ ይህን ያየ ሰው መኪናይቱ ነውር የላትም ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ደካማ ጎኖቿ ከዚያው ከመልካም ጎኖቿ የሚወጡ ናቸው።

በቤት መኪና ውስጥ ሰውና ዕቃ የሚለያዩበት ግድግዳ አለ። በስቴሽን ዋገን ግን ሰውና ጓዝ በአንድ ክፍል ይኖራሉ። ከሐይቅ የገዛችሁት ዓሣ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሽታውን ያካፍላችኋል። ይህስ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ መኪናው በድንገት ሲቆም ያልታሰረው ዕቃ አይቆምም። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሄድ ከነበረ፣ ዕቃውም በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ ልጆቻችን ማጅራት ይመጣል።

መኪናዋ ስትሄድ ከኋላዋ ያለው አየር ይሳሳና አቧራውንና የሞተሩን ጭስ ወደ ራሱ ይስባል። በኮረኮንች መንገድ የኋላው መስተዋት ወዲያው የሚለብሰው በዚህ ምክንያት ነው። ረጅም ዕቃ ጭናችሁ የኋላውን በር በገመድ አስራችሁ ክፍት አድርጋችሁ ብትሄዱ ደግሞ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። በዚህ ጭስ ውስጥ ሽታም ቀለምም የሌለው፣ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው የሚገድልበት ያው መርዝ አለበት። ስለዚህ ልጅ ከኋላ «እንቅልፌ መጣ፣ ራሴን አመመኝ» ሲል እንደ ቀላል አትዩት።

ኋላዋ ረጅም በመሆኑ ወደ ኋላ ስትነዳ ከጭራዋ ሥር የቆመ ሕፃን አይታይም። በግቢ ውስጥ መኪና ከመንቀሳቀሱ በፊት ልጆች የት እንዳሉ አንድ ትልቅ ሰው በስም ጠርቶ ማረጋገጥ አለበት።

ጭነት ሲበዛባት ኋላዋ ይዘቅጥና አፍንጫዋ ይነሣል። ያን ጊዜ የፊት ጎማዎች አስፋልቱን በሚገባ ስለማይጨብጡ መሪው ይቀልላል፤ መብራቷም ወደ ላይ ቀንቶ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍሬኗ ይደክማል። ሐይቅ የሚመላለስ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ይህንን ሊረሳው አይገባም። መንገዳችን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ይወጣል፤ በመልሱም ይህንኑ በግልባጩ ይደግመዋል። በጣርማ በር ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ስለዚህ ዳገቱ ሾፌሩን ያስመርረዋል። የሚያስፈራው ግን ቁልቁለቱ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ያለፈውን ዓመት ገና ያከበርነው ሐይቅ፣ አማቴ ቤት ነበር። ወቅቱ አዝመራው የገባበት ነውና የመመለሻችን ዕለት ጎህ ሲቀድ ግቢው በስጦታ ሞልቶ ጠበቀን። አማቴ አንድ ኩንታል ጤፍ አስቋጥረዋል። ከአምባሰል የወረዱ ዘመዶች አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ማርና ግማሽ ኩንታል ማሽላ አምጥተዋል። በዚህ ላይ አንዲት ዘመዳችን ከልጇ ጋር፣ አንድ የጎረቤት ተማሪም «አዲስ አበባ ድረስ አድርሱን» አሉ። ባለቤቴ የመኪናዋን ጭራ አየና «በዛ መሰለኝ» አለ። እኔ ነኝ «ይገባል እኮ! ቦታ አለ» ያልሁት። በሐይቅ ግቢ ውስጥ፣ በአማት ፊት፣ በዘመድ ፊት እምቢ ማለት እንዴት ያለ ጭንቅ እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ማሩን ብተው ንቀት ይሆናል፤ ዘመዴን ብተዋት «ከተማ ገብታ ኮራች» ይባላል።

እንዲህ ሆኖ ዕቃው ሁሉ ገባ። ትንሹ ልጄ እኔ ጭን ላይ ተቀመጠ። ከኋላ መቀመጫው ላይ ተማሪው፣ ዘመዳችንና ልጇ ሆኑ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄና የስድስት ዓመቱ ወንድሟ ከመቀመጫው በስተጀርባ በማሽላው ጆንያ ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፎላቸው ተቀመጡ። ጤፉ ከእነርሱ ኋላ፣ ማሩ ደግሞ በጤፉ ላይ ተደረገ። ልጄን «ማሩ እንዳይወድቅ ያዢው» ብዬ ያዘዝኋት እኔ ነኝ።

ሐይቅን ለቀን፣ ደሴን አልፈን የሐረጎን ቁልቁለት ጀመርን። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረጎ ይህን ሁሉ የሚወርደው በጠመዝማዛ መንገድ ነው። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ጨርቅ የተቃጠለ የሚመስል ሽታ መጣ። ባለቤቴ «ፍሬኑ ነው» አለ። እኔ ከዳቦው ማሽተቻ በቀር ስለ ሽታ የማውቀው አልነበረም። በአንድ ኩርባ ላይ ጭነት የያዘች አህያ ድንገት መንገዱን ስታቋርጥ ባለቤቴ ፍሬኑን ረገጠ። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ገባ። ደግሞ ደጋግሞ ሲረግጠው፣ ማርሽም ሲቀንስ፣ መኪናዋ ከአህያዋ ጥቂት ክንድ ሲቀር ቆመች። ማሩ ግን አልቆመም።

የልጄን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ጄሪካኑ ከጤፉ ላይ ተነሥቶ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ወርጄ ስደርስ እያለቀሰች መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እማዬ፣ ማሩ ፈሰሰ እንዴ?» ብላ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ሕክምና አገኘች። የትከሻዋ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር፤ ስድስት ሳምንት እጇ ታስሮ ሰነበተች። ድናለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጄሪካኑ ጥቂት ወደ ራሷ ቢጠጋ ኖሮ ይህንን ጽሑፍ የምጽፈው በሌላ ልብ ነበር።

ቤት ከገባን በኋላ ባለቤቴ የመኪናዋን መጽሐፍ አውጥቶ አነበበው። ሰውም ዕቃም ተደምሮ የሚፈቀደው 450 ኪሎ ነበር። ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። አራት ትልልቅ ሰዎች በአማካይ 65 ኪሎ ቢመዝኑ 260፤ አራት ልጆች በ25 ኪሎ 100፤ ጤፉ 100፤ ማሽላው 50፤ ማሩ 28፤ ሻንጣውና ልብሱ 40፤ በጠቅላላው 578 ኪሎ። ከተፈቀደው 128 ኪሎ ይበልጣል። ይህ የሁለት ትልልቅ ሰዎች ክብደት ነው። በማሩ ጉዳይ አትገረሙ፤ ማር ከውሃ ስለሚከብድ 20 ሊትር ማር 28 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እኔ የለካሁት ቦታን ነበር። መኪናዋ የምትሸከመው ግን ክብደትን ነው።

«ሰባት ቦታ» የምትለዋን ስም በልባችሁ ያዙልኝ ያልኋችሁ ለዚህ ነው። ስቴሽን ዋገን እንደ ትልቅ ሆድ ናት፤ የሰጧትን ሁሉ ትውጣለች። የቤት መኪና ዕቃ ሲበዛባት የኋላ ክዳኗ አልዘጋ ይልና እምቢታዋን ታሳውቃለች። ይህችኛዋ ግን እምቢ ማለት አታውቅም። ስለዚህ በእርሷ ፈንታ እምቢ የሚል ሰው በቤት ውስጥ መኖር አለበት። ከእናት የተሻለ ማን አለ?

እህቶች፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በቤታችን የምንሠራባቸውን ደንቦች እነሆ።

1. ከመጫን በፊት ይመዘናል። ብዙዎቹ የቤተሰብ ስቴሽን ዋገኖች ሰውን ጨምሮ የሚችሉት ከ400 እስከ 600 ኪሎ ነው። የእናንተዋን ልክ ከመጽሐፏ ወይም በበሯ አካባቢ ከተለጠፈው ጽሑፍ አስነብቡ። መጀመሪያ ሰዎቹን ደምሩ፤ የተረፈው የዕቃው ድርሻ ነው። በጣሪያ ላይ ያለው ፖርቶ መጋላ የሚችለው ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ብቻ ስለሆነ፣ ቀላል ዕቃ ብቻ ይጫንበት።

2. ከባድ ዕቃ ከወለሉ ላይ፣ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፤ በገመድም ይታሰራል። ከመቀመጫው ጫፍ በላይ የሚወጣ ጄሪካን፣ ድስት ወይም ሣጥን አይኑር።

3. በዕቃ መጫኛው ላይ ልጅ አይቀመጥም። በጭን ላይም አይታቀፍም። እኔ ሁለቱንም አድርጌአለሁና የምናገረው በኀፍረት ነው። ኒልስ ቦሊን የተባለው የቮልቮ ፋብሪካ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1959 ያበረከተው፣ በትከሻና በወገብ የሚያልፈው ቀበቶ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነው። ቀበቶ ያልደረሰው ሰው በአውቶቡስ ይሂድ። ቀበቶው አንገቱ ላይ ለሚያርፍበት ሕፃን ደግሞ የልጅ መቀመጫ ይፈለግ።

4. ጭነት ሲኖር የኋላ ጎማዎች ነፋስ መጽሐፉ በሚያዘው መጠን ከፍ ይደረጋል። የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ነው።

5. ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ይወረዳል። ነባር ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። ፍሬን ያለማቋረጥ ተረግጦ ሲቆይ ይግላል፤ ዘይቱም ሊፈላ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ይለሰልሳል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ፈልጎ ማቆምና ማብረድ ነው። ይህንን ሾፌሩ ቢረሳ አጠገቡ ያለችው ታስታውሰው። መንገድ ከመጀመሩም በፊት የፍሬን ሸራውና ዘይቱ ይታይ።

ያገለገለች ስቴሽን ዋገን ለመግዛት የምታስቡም ትኖራላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚህም የተነሣ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ። ስትገዙ ቀለሟ አያታልላችሁ። የኋላውን ምንጣፍ ገልጡ፤ ተጠባባቂው ጎማ የተቀመጠበት ጉድጓድ ውሃ ወይም ዝገት ይዞ እንደሆነ እዩ። ባዶዋን ቆማ ኋላዋ ከዘቀጠ ሞላዋ ወይም ባሌስትራዋ ደክሟል። የኋላው በር ተከፍቶ ራሱን ችሎ መቆም አለበት። የኋላ ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ ስባችሁ ሞክሩ። ተበይዶ የገባ ተጨማሪ መቀመጫ ካለ ቀበቶ የለውምና እንደ መቀመጫ አትቁጠሩት።

በኤሌክትሪክ የምትሠራ የቤተሰብ መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ መልካም ነገር ያገኛል፤ ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ፍሬን ያግዘዋል፤ ባትሪውንም መልሶ ይሞላል። ይሁን እንጂ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ይህ እገዛ ይቀንሳል። ባትሪው ራሱም ከባድ ስለሆነ የምትሸከመው ልክ ከስፋቷ ያነሰ ሊሆን ይችላልና እዚያም መጽሐፉን አንብቡ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የልጄን መጎዳት ለአማቴ ለመንገር ብዙ ፈርቼ ነበር። ስጦታቸውን የወቀስሁባቸው እንዳይመስላቸው ሰጋሁ። በስልክ ስነግራቸው ግን ረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ልጄ፣ ያን ዕለት ለምን ይበዛል አላልሽኝም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዘንድሮ ለገና ስንሄድ ግቢው ውስጥ ከባለሱቁ የተዋሱት ሚዛን ተቀምጦ አገኘን። ጤፉን ቀደም ብለው በጭነት መኪና ልከውታል። ማሩ በሁለት ትንንሽ ዕቃ ተከፍሎ፣ ተመዝኖ ተቀምጧል። አብሮን ለመሄድ የጠየቀ አንድ ዘመድ ሲመጣም፣ እኔ አፌን ሳልከፍት እርሳቸው ቀድመው «ቀበቶው አምስት ነው፤ አምስቱም ባለቤት አለው። አንተን አውቶቡስ አሳፍርሃለሁ» ብለው የመሣፈሪያውን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡት። ቅር አላለውም።

በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ልጄ ከመቀመጫዋ ሆና «አባዬ፣ ማርሽ ቀንሰሃል?» ብላ ጠየቀችው። ቀንሶ ነበር።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። በሳምንቱ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።